የቁጥር ሠንጠረዥ አነባበብና የቦንጋ ነጋዴ

«ቆጥሮ የማይሰጥ ሌባ፣ ቆጥሮ የማይቀበል ሌባ» የሚለው የአባቶች አነጋገር በገበያ ላይ ሰጪውንም ተቀባዩንም እኩል ያስጠነቅቃል። በቦንጋ ቡና የሚረከብ ነጋዴ ይህን ምክር በሚዛኑ ላይ ሲፈጽመው ይታያል። ከረጢቱን ያስመዝናል፤ እጁን አስገብቶ የፍሬውን እርጥበት ይፈትናል፤ ብሩንም ሁለት ጊዜ ሳይቆጥር ወደ ኪሱ አያስገባም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ የታተመ የቁጥር ሠንጠረዥ ሲቀርብለት ጥንቃቄውን ሁሉ ይተወዋል። ከመካከል አንድ ትልቅ ቁጥር ያነሣና «ዘንድሮ ቡና ይህን ያህል ገንዘብ አስገባ» ብሎ በዚያው ላይ ተመሥርቶ ይገዛል ወይም ይሸጣል። ቁጥሩን ተቀበለ እንጂ አልቆጠረውም።

ሠንጠረዥ እንደ ሚዛን ሁሉ የንግድ መሣሪያ ነው። ስለዚህም ነጋዴው አያያዙን ሊማር ይገባዋል። አብዛኛው ስሕተት የሚደርሰው ቁጥሩ ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን አንባቢው ከመካከል ስለሚጀምር ነው። ሠንጠረዥ የሚነበበው ከዳር ነው፤ ይኸውም ከአርእስቱ፣ ከዓምዶቹ ራስጌ፣ ከመለኪያው፣ ከዘመኑና ከግርጌ ማስታወሻው ነው። ወደ ቁጥሩ የሚገባው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፣ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ካስታወቃቸው ውጤቶች ውስጥ የአራት በጀት ዓመታት የቡና ወጪ ንግድ ተጠጋግቶ ቢቀርብ እንደሚከተለው ነው።

በ2014 በጀት ዓመት፦ 300,000 ቶን፣ 1.40 ቢሊዮን ዶላር
በ2015 በጀት ዓመት፦ 240,000 ቶን፣ 1.33 ቢሊዮን ዶላር
በ2016 በጀት ዓመት፦ 298,500 ቶን፣ 1.43 ቢሊዮን ዶላር
በ2017 በጀት ዓመት፦ 469,000 ቶን፣ 2.65 ቢሊዮን ዶላር

የገንዘቡን ዓምድ ብቻ የሚመለከት ሰው ንግዱ በ2015 ጥቂት ቀዝቅዞ፣ በ2016 አንሰራርቶ፣ በ2017 ወደ እጥፍ ተጠጋ ብሎ ያልፋል። ሁለቱን ዓምዶች አንዱን ለሌላው የሚያካፍል ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ገንዘቡ ለክብደቱ ሲካፈል የአንድ ኪሎ አማካይ ዋጋ በ2014 ዶላር 4.67፣ በ2015 ዶላር 5.54፣ በ2016 ዶላር 4.79፣ በ2017 ደግሞ ዶላር 5.65 ይሆናል። እንግዲህ በ2015 የተላከው ቡና ከመቶ ሃያ እጅ ሲቀንስ ገንዘቡ የቀነሰው ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም የኪሎው ዋጋ ከፍ ብሎ ነበርና። በ2016 ነገሩ ተገለበጠ። መጠኑ ከመቶ 24 እጅ ሲጨምር ገንዘቡ ከመቶ ሰባት ተኩል እጅ ብቻ ጨመረ፤ ዋጋው ወርዶ ነበርና።

ይህ ልዩነት የሂሳብ ጨዋታ አይደለም። በጊምቦ ወይም በዴቻ ወረዳ እሸት ቡና የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ «በ2016 የቡና ገቢ ጨመረ» የሚለውን ወሬ ብቻ ሰምቶ ለገበሬው ከፍ ያለ ዋጋ ቢከፍል፣ የኪሎው ዋጋ በሚወርድበት ዓመት በውድ ገዛ ማለት ነው። ገንዘቡ ብድር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከእርሱ አልፎ ለዋሱና ለቤተሰቡ ይተርፋል። ሠንጠረዡ ግን አልዋሸውም። የሚያስፈልገው አንዲት ማካፈል ነበረች።

ማካፈሉም ቢሆን መጠን አለው። ከላይ የተገኘው የኪሎ ዋጋ አማካይ ነው። በውስጡ የታጠበውም ያልታጠበውም፣ ከፍተኛ ደረጃ ያገኘውም ዝቅተኛውም ተደባልቆ ይገኛል። ባንድ ዓመት የታጠበው ድርሻ ቢበዛ የማንም ቡና ዋጋ ሳይጨምር አማካዩ ብቻውን ከፍ ሊል ይችላል። አማካይ ዋጋ የንግዱን አቅጣጫ ያሳያል እንጂ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ያለው ቡና ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም።

ቀጥሎ የሚመረመረው መለኪያው ነው። የቦንጋ ነጋዴ በፈረሱላና በኩንታል ያስባል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የመንግሥት መግለጫ በቶን ይናገራል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት የሚቆጥረው በ60 ኪሎ ከረጢት ሲሆን ይህም ሦስት ተኩል ፈረሱላ ያህል ነው። የኒውዮርክ ገበያ ደግሞ ዋጋውን የሚጠራው በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያንሳል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የዐረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ከ4 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ፣ ይህን ቁጥር ከኢትዮጵያው 5.65 ጋር በቀጥታ ያስተያየ ሰው የኢትዮጵያ ቡና ከዓለም ዋጋ በላይ ተሸጠ ብሎ ሊደሰት ይችል ነበር። ነገር ግን በፓውንድ 4 ዶላር ማለት በኪሎ 8.80 ዶላር ያህል ነው። አንዱ የጥቂት ቀን ከፍተኛ ዋጋ፣ ሁለተኛውም የዓመት አማካይ መሆኑ ሳይረሳ፣ መለኪያው ሲስተካከል ደስታው ወደ ጥያቄ ይለወጣል።

በዓምዱ ራስጌ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፉ ቃላትም ብዙ ያሳስታሉ። «በሺህ ከረጢት» ከሚል ራስጌ ሥር 8,000 ተጽፎ ቢገኝ ስምንት ሺህ ሳይሆን ስምንት ሚሊዮን ከረጢት፣ ማለትም 480,000 ቶን ነው። ቡናው በምን ዓይነት እንደ ተቆጠረም መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ እሸት ወይም 2 ኪሎ ያህል ጀንፈል ይፈጃል። በእሸት የተቆጠረን መጠን በንጹሕ ቡና ከተቆጠረ ጋር የሚያስተያይ ሰው ከከፋ ደኖች ያልበቀለ ቡና በወረቀት ላይ ያበቅላል።

ሦስተኛው የዘመን ነገር ነው። ለውጭ አገር ሰው ዓመት አንድ ነው፤ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ግን ቢያንስ አራት ዓመቶች አሉ። የዘመን መለወጫው መስከረም 1 ቀን ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የዓለም የቡና ዓመት ከፈረንጆች ኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር ይቆጠራል። የውጭ ገዢዎች የጉምሩክ መዝገብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የሚለው ወር በቀን መቁጠሪያ ከ2016 ጋር ሲሆን በበጀት ግን የ2017 ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ጅቡቲ የሚጫነው ቡና በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይመዝገብ እንጂ የተለቀመው ባለፈው መኸር ነው። ስለዚህ የአንድ በጀት ዓመት የወጪ ንግድ ቁጥር የዚያ ዓመት ምርት ቁጥር አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ምርቱ በዚህን ያህል ጨመረ» ማለት ከአሮጌ ጎተራ የወጣውን እህል የአዲስ መኸር ፍሬ ነው እንደ ማለት ይቆጠራል።

አራተኛው የቦታ ስም ነው፤ በዚህም ረገድ እንደ ከፋ ያለ ትምህርት የሚሰጥ አገር ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በታተመ ሠንጠረዥ ውስጥ «ከፋ» የሚለው ረድፍ ጠቅላይ ግዛቱን ያመለክታል። ያም ርእሰ ከተማው ጅማ ሆኖ ሊሙን፣ ጊሚራንና ማጂን ሁሉ ያጠቃልል ነበር። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ደግሞ ከፋና ሸካ ባንድነት «ከፊቾ ሸኪቾ» ተብለው በአንድ ዞን ተቆጥረዋል። ዛሬ የከፋ ዞን ለብቻው ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ከደቡብ ክልል ወጥቶ ወደዚያ ተዛውሯል። እንግዲህ የ1950ዎቹን «ከፋ» ከዛሬው «ከፋ» ጋር ያስተያየ ሰው የቡናውን ምርት ያላንዳች በሽታ ሲጠፋ ያየዋል። እንዲሁም «ደቡብ ክልል» የሚለው ረድፍ ከ2014 ወዲህ ሲቀንስ የቀነሰው ቡናው ሳይሆን ክልሉ ነው። ስሙ ጸንቶ ድንበሩ የተለወጠ ረድፍ ከሁሉ ይልቅ አሳሳች ነው።

ከቦታውና ከዘመኑ ሌላ ደንብም ይለወጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ዓመት፣ በቦንጋ ያለው መጋዘን የተረከበው መጠን ለአካባቢው ንግድ እንደ ዋና መለኪያ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ መብት ስላላቸው የእነርሱ ቡና ከዚያ ቁጥር ውጭ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 እና ከእርሱ በኋላ የተከተለው የቀጥታ ትስስር አሠራር፣ አቅራቢና ላኪ ከምርት ገበያው ውጭ እንዲገበያዩ በር ከፈተ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በምርት ገበያው ዓምድ ላይ የሚታየው ቅናሽ የቡና መቀነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ቡናው በሌላ መንገድ አልፏል። አንድ ነጋዴ በቦንጋ መጋዘን የገባው ስለ ቀነሰ ቡና ጠፋ ብሎ ዋጋ ቢሰቅል፣ የሚጎዳው ያላየው ቡና በሌላ በር ወጥቶ ገበያውን ሲሞላው ነው።

ከውጭ ዕቃ አስመጪው ነጋዴ ደግሞ የሚጠነቀቀው ከገንዘቡ ዓይነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ በ2017 በጀት ዓመት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የመቶ ሺህ ዶላር ዕቃ ቀድሞ 5.7 ሚሊዮን ብር ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ በኋላ ግን ከ12 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። በብር የተሠራ ሠንጠረዥ ያየ ሰው አስመጪው ንግዱን እጥፍ አሳደገ ይላል፤ የገባው ዕቃ ግን አንዲት ካርቶን እንኳ አልጨመረም። በተጨማሪም ገቢ ዕቃ በጉምሩክ የሚመዘገበው የማጓጓዣውና የመድኅኑ ዋጋ ተጨምሮበት ሲሆን፣ ወጪ ዕቃ ግን እስከ ወደብ ባለው ዋጋ ይመዘገባል። አንድ ጭነት ቡና በኢትዮጵያ የወጪ መዝገብና በጀርመን የገቢ መዝገብ ላይ የተለያየ ዋጋ ቢኖረው ወዲያው ሌብነት አለ ማለት አይደለም። በመካከሉ ያለው የመርከብ ኪራይ፣ መድኅንና የጉዞው ጊዜ ነው።

ባለሱቁስ ምን ያገባዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በቦንጋ ስኳር፣ ሳሙናና የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው የቡናው ጊዜ እስኪደርስ ነው። የቡና ዋጋ ከወደቀ ዱቤው አይመለስም። ከዚህም በላይ በየወሩ የሚወጣው የዋጋ ንረት ሠንጠረዥ የእርሱ የራሱ ጉዳይ ነው። የአገሪቱ ጠቅላላ የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 30 በላይ ከነበረው በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከመቶ 15 በታች ወርዷል። ይህ ማለት ግን ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም። መቶ ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት በመቶ 30 ቢጨምር 130 ብር ይሆናል፤ በተከታዩ ዓመት በመቶ 10 ቢጨምር 143 ብር ይሆናል። ንረቱ ከ30 ወደ 10 ወረደ፤ ዋጋው ግን 13 ብር ወጣ። «ንረት ቀነሰ» የሚለውን «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ የተረዳ ባለሱቅ በርካሽ ሸጦ መደርደሪያውን መልሶ መሙላት ያቅተዋል። በመቶ የሚጻፍ ቁጥር ሁሉ «ከምን ላይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ከአምናው ወር ነውን? ከዕቅዱ ነውን? ከዕቅዱ ከሆነ ዕቅዱ ራሱ ትንሽ ሆኖ አፈጻጸሙ ትልቅ ሊመስል ይችላል።

የተቆጠረውን ከተገመተው መለየትም ተገቢ ነው። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከፋ ዞን ሕዝብ 874,716 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወንዶች 431,348፣ ሴቶች 443,368 ነበሩ። አንባቢው ሁለቱን ቢደምር ልክ ጠቅላላውን ያገኛል፤ ይህም በማናቸውም ሠንጠረዥ ላይ ሊደረግ የሚገባ ቀላል ፈተና ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ ዛሬ ስለ ከፋ ሕዝብ ብዛት የሚጻፈው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየዓመቱ የሚያወጣው የግብርና ምርት ሠንጠረዥም ከተመረጡ ማሳዎች ናሙና የተነሣ ግምት ሲሆን፣ የስሕተቱ መጠን በአባሪው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ግምት መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ እንደ ተመዘነ ወርቅ ሊታመን አይገባም። አማካይም እንዲሁ ነው። በቆጠራው ጊዜ በከፋ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 82 ሰው ገደማ ይኖር ነበር ተብሎ ይጻፋል፤ ነገር ግን በደኑ መካከል ሰው የለም፣ በቦንጋ ገበያ ቀን ደግሞ መተላለፊያ የለም። አዲስ ሱቅ የት እንደሚከፈት ይህ አማካይ ሊነግር አይችልም።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው «ሠንጠረዥ ዘግይቶ ይመጣል፤ ገበያ ደግሞ አይጠብቅም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ሆኖም በስልክ ፈጥኖ የሚመጣው ዋጋ ብዙ ጊዜ መለኪያ፣ ደረጃና ቀን የለውም። ፈጣኑን ወሬ ለመመዘን የዘገየው ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ያለፉትን አራት ዓመታት የሚያውቅ ሰው የዛሬው ወሬ ከልክ ያለፈ መሆኑን ይለያልና። ሁለተኛው «አባቶች ያለ ሠንጠረዥ ነግደው ከብረዋል» የሚል ነው። የቀድሞው ነጋዴ ግን ገዢውንም ሻጩንም በዓይኑ ያይ ነበር። ዛሬ የቦንጋን ቡና ዋጋ የሚወስኑት በኒውዮርክና በሳውዲ ዐረቢያ ያሉ ገዢዎች፣ በብራዚል የሚደርስ ድርቅና የምንዛሪው መለዋወጥ ናቸው። በዓይን የማይታየው ገበያ በቁጥር ካልታየ በምንም አይታይም። ይህም ሲባል ሠንጠረዥ ነቢይ ነው ማለት አይደለም። ያለፈውን በትክክል ይነግራል፤ የነገውን ዋጋ ግን አይነግርም፤ ይነግራል የሚልም ሰው ሊታመን አይገባውም።

እንግዲህ ከሁለት ወገን ሥራ ይጠበቃል። የንግድ ምክር ቤቶችና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ለነጋዴው የሚያቀርቡትን ቁጥር በአማርኛ፣ መለኪያው በግልጽ ተጽፎ፣ ዘመኑ የበጀት ይሁን የቀን መቁጠሪያ ተለይቶ፣ ድንበር ወይም ደንብ የተለወጠ እንደ ሆነ በግርጌ ተገልጾ ሊያወጡት ይገባል። መለኪያ የሌለው ቁጥር በሰሌዳ ላይ ከሚለጠፍ ይልቅ ባይለጠፍ ይሻላል። ከቡናው መልቀሚያ ጊዜ በፊት በቦንጋ፣ በጨናና በጊምቦ ነጋዴዎችን ሰብስቦ ለግማሽ ቀን ያህል ያምናውን ሠንጠረዥ አብሮ ማንበብም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከእርሳስና ከወረቀት በቀር የሚያስፈልገው የለም።

ከነጋዴው በኩል ደግሞ የሚጠበቀው እውነተኛ መዝገብ ነው። ሠንጠረዥ ከሰማይ አይወርድም። ነጋዴው ለጉምሩክ፣ ለግብርና ለመጋዘን ከሚሰጠው ቃል ተሰብስቦ ይሠራል። ግብሩን ለማሳነስ የሸጠውን አሳንሶ የጻፈ፣ ብድር ለማግኘት ደግሞ ክምችቱን አብዝቶ የጻፈ ነጋዴ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው የተጣመመ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ራሱ ይገዛል። ጎረቤቱንም ያሳስታል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ አድርጎ ከሆነ ሁለቱም በጭለማ ይነግዳሉ።

የአባቶች አነጋገር ሰጪውንና ተቀባዩን ባንድ ቃል የወቀሰው በከንቱ አይደለም። ቁጥርን ሳይቆጥር የሚሰጥ መዝጋቢና ሳይቆጥር የሚቀበል አንባቢ በገበያው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው። በቦንጋ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ እንዳይጎድል የሚጠነቀቀው ዓይን፣ ወረቀቱንም ከዳር ጀምሮ ቢመለከተው ቡናው ከመጫኑ በፊት የሚድነው ገንዘብ ቀላል አይሆንም።